የፖከር ካፒታል ካለቀ በኋላ፦ ኪሳራን መርምሮ የመማር ዘዴ

በኦንላይን ፖከር የመጫወቻ ካፒታሉን በሙሉ ያጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ዙር ነው፤ ጥንድ ኤስ ይዞ ያለውን ሁሉ ካስያዘ በኋላ በጥንድ ኪንግ የተሸነፈበትን ዙር። ነገር ግን ጥንድ ኤስ ከጥንድ ኪንግ ጋር ሲፋጠጥ የሚያሸንፈው ከመቶ 82 ጊዜ ያህል ስለሆነ፣ ከአምስት አንድ ለሚጠጋ ጊዜ መሸነፉ በጨዋታው ውስጥ ያለና የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ከካርታው ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ተራ ሽንፈት ካፒታሉን በሙሉ ለመጨረስ የበቃው ለምን እንደሆነ ከመጠየቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አዲስ ገንዘብ አያስገቡ። የጠፋውን ለማስመለስ በዚያው ሌሊት የሚገባ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከበፊቱ ከፍ ባለ ውርርድና በከፋ ስሜት ስለሚጫወቱበት ቶሎ ያልቃል። ከዚህ ጋር አንድ ጥያቄ በሐቀኝነት ይመልሱ፦ የጠፋው ገንዘብ ቢጠፋም ኑሮዎን የማይነካ ነበር? የቤት ኪራይ፣ ብድር ወይም ከቤተሰብ የተደበቀ ገንዘብ ከነበረ፣ ከዚህ በታች ያለው የስሌትና የስልት ምክር ለእርስዎ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ጨዋታውን ማቆም፣ ለሚያምኑት ሰው መናገርና የቁማር ሱስን ከሚያውቅ ባለሙያ ጋር መነጋገር ነው። ፈቃድ ያላቸው የመጫወቻ ድረ ገጾች ተጫዋቹ ራሱን ለወራት ወይም ለዓመታት የሚያግድበት አማራጭ አላቸውና እሱን ይጠቀሙ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ አጨዋወትን በማሻሻል የሚፈታ ችግርና በማቆም ብቻ የሚፈታ ችግር ስለሚለያዩ፣ የትኛው እንደገጠመዎ ሳይለዩ ወደፊት መሄድ ጉዳቱን ያበዛዋል።

ገንዘቡ በእርግጥ ትርፍ ገንዘብ ከነበረ ቀጣዩ ሥራ መዝገብ መሰብሰብ ነው። አብዛኞቹ ድረ ገጾች የተጫወቱትን እያንዳንዱን ዙር በጽሑፍ ፋይል እንዲያወርዱ ይፈቅዳሉ፤ የገንዘብ ገቢና ወጪ ታሪክም በሂሳብዎ ውስጥ ይገኛል። አንድም ዙር ሳይመረምሩ በፊት ቀላል ሠንጠረዥ ያዘጋጁና ለእያንዳንዱ ቀን ሲጀምሩ የነበረዎትን ካፒታል፣ የተቀመጡበትን ጠረጴዛ መግቢያ (ወደ ጠረጴዛው ይዘው የሚቀመጡትን ገንዘብ)፣ የቆዩበትን ሰዓትና ውጤቱን ይጻፉ። ከዚያም ካፒታሉን ለመግቢያው ያካፍሉ። 300 ዶላር ይዞ ቢግ ብላይንዱ (ካርታ ከመታደሉ በፊት አንድ ተጫዋች በተራው በግዴታ የሚያስይዘው ገንዘብ) 10 ሳንቲም፣ መግቢያው 10 ዶላር በሆነ ጠረጴዛ የሚቀመጥ ሰው 30 መግቢያ አለው። በዚያው 300 ዶላር መግቢያው 50 ዶላር ወደሆነ ጠረጴዛ ከተዛወረ ግን የቀረው 6 መግቢያ ብቻ ነው። በብዙ ሰው ሠንጠረዥ ላይ ካፒታሉ መሞት የጀመረው ይህ ቁጥር ድንገት በወደቀበት ቀን ነው፤ ያ ቀን ደግሞ አንዳንዴ ጥሩ ያሸነፉበትና በራስ መተማመን የተሞሉበት ቀን ሆኖ ይገኛል።

ስድስት መግቢያ ለምን እንደማይበቃ በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። ገደብ በሌለው ሆልደም (እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የግል ካርታ ይዞ አምስት የጋራ ካርታ በሚወጣበትና ያለውን ሁሉ ማስያዝ በሚችልበት የፖከር ዓይነት)፣ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ የአንድ ተጫዋች ውጤት በየ100 ዙሩ ከአማካዩ 90 ቢግ ብላይንድ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዋዠቁ የተለመደ ነው። ከፍታና ዝቅታው በከፊል ስለሚጣፋ ይህ መዋዠቅ በ10,000 ዙር ላይ 900 ቢግ ብላይንድ፣ ማለትም አንድ መግቢያ 100 ቢግ ብላይንድ ሲሆን 9 መግቢያ ይሆናል። እንግዲህ በየ100 ዙሩ በአማካይ 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ጎበዝ ተጫዋች እንኳ ከ10,000 ዙር በኋላ ከሳሪ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከመቶ 29 ገደማ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ለተራ የገንዘብ ጠረጴዛ ከ20 እስከ 30 መግቢያ፣ ብዙ ተሳታፊ ላለው ውድድር ደግሞ 100 እና ከዚያ በላይ መግቢያ መያዝን የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ በውድድር ሽልማት የሚደርሳቸው ጥቂቶች ስለሆኑ መዋዠቁ እጅግ ይሰፋል። ችሎታ ይህን ስሌት አይተካም። አሜሪካዊው የፖከር ተጫዋች ስቱ ኡንጋር የዓለም ፖከር ሻምፒዮናን ዋና ውድድር እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ1981 እና በ1997 ቢያሸንፍም፣ በ1998 ሲሞት ያን ሁሉ ገንዘብ ጨርሶ ነበር።

የካፒታል አያያዙ ከተጣራ በኋላ ወደ ውሳኔዎቹ ይሂዱ። እዚህ ላይ ትልቁ አደጋ ውሳኔን በውጤቱ መመዘን ነው፤ ስለዚህ የተሸነፉባቸውን ዙሮች ብቻ ሳይሆን ትልቅ ገንዘብ ያሸነፉባቸውንም ይምረጡ። የባላጋራዎን ካርታ ሸፍነው እስከ ውሳኔው ቅጽበት ድረስ ያለውን ብቻ ያንብቡ፤ ባላጋራው በዚያ አካሄድ ምን ምን ካርታ ሊይዝ እንደሚችል ይጻፉና ያኔ የከፈሉት ዋጋ ተገቢ መሆኑን ያስሉ። ለምሳሌ በመሃል 100 ተሰብስቦ ባላጋራው 50 ቢጨምር፣ እርስዎ በ50 የሚጫወቱት ለ200 ስለሚሆን ቢያንስ ከመቶ 25 የማሸነፍ ዕድል ያስፈልግዎታል። አራት ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ካርታዎች ኖረውዎ አምስተኛውን የሚጠብቁና ሊወጣ የቀረው አንድ ካርታ ብቻ ከሆነ፣ ካላዩዋቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙዎት 9 ናቸው፤ ዕድልዎ ከመቶ 20 አይሞላም። ካርታው ቢመጣ በኋላ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያገኙበት አሳማኝ ምክንያት ከሌለ መክፈሉ ስህተት ነበር፣ ያን ዕለት ቢያሸንፉበትም እንኳ። ሁለት ካርታ ሲቀር ዕድሉ ከመቶ 35 ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሚሠራው ሁለቱንም ካርታ ተጨማሪ ሳይከፍሉ የሚያዩ ከሆነ ነው። ብዙዎች በመካከል ሌላ ውርርድ እንደሚመጣ ረስተው በ35 ይተማመናሉ፤ ካፒታልን በዝምታ ከሚበሉ ስህተቶች አንዱ ይህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ውጤትዎን በመቀመጫ ቦታ ሲከፋፍሉ ካርታ ሳይታይ በግዴታ ገንዘብ በሚያዝባቸው በሁለቱ የብላይንድ ቦታዎች ላይ ኪሳራ ያያሉ፤ ይህ ብቻውን ስህተትን አያሳይም። በቢግ ብላይንድ ቦታ ሁልጊዜ ካርታውን የሚጥል ሰው በዚያ ቦታ በሚጫወተው በየ100 ዙሩ 100 ቢግ ብላይንድ ስለሚያጣ፣ ከዚያ ያነሰ ኪሳራ መከላከልዎ እንደሠራ ያመለክታል፤ ከዚያ በላይ የሚያጡ ከሆነ ግን መጣሉ ይሻልዎት ነበር ማለት ነው። በዝቅተኛ ጠረጴዛዎች ላይ ድረ ገጹ ከተሰበሰበው ገንዘብ 5 ከመቶ ያህል እንደሚቆርጥም አይዘንጉ፤ በጥርጣሬ የሚገቡባቸው ትንንሽ ዙሮች ትርፍ የሌላቸው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ስሜትን በተመለከተ ትዝታዎን ሳይሆን ሠንጠረዡን ይመኑ። ከትልቅ ሽንፈት በኋላ ባሉት 20 ወይም 30 ዙሮች ምን ያህል ዙር እንደገቡ ከተለመደው ልማድዎ ጋር ያነጻጽሩ። ከኪሳራ በኋላ ወደ ከፍተኛ ጠረጴዛ መውጣትዎን፣ የጠረጴዛ ብዛት መጨመርዎን፣ በአራተኛው ሰዓት ያለው ውጤት ከመጀመሪያው ሰዓት መክፋቱን ይመልከቱ። ይህ ከታየ መፍትሔው «እረጋጋለሁ» ብሎ መወሰን ሳይሆን፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት መግቢያ ሲጠፋ ጨዋታውን መዝጋት የመሰለ፣ በንዴት ሰዓት ክርክር የማይቀበል ደንብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመመለስ ከወሰኑ፣ ያለ ሐሳብ ሊያጡት የሚችሉትን ገንዘብ ብቻ ይዘው 30 መግቢያ ወደሚያገኙበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ይግቡ። ወደ ላይኛው ደረጃ የሚወጡት የዚያ ደረጃ 30 መግቢያ ሲሞላ፣ የሚወርዱት ደግሞ ወደ 20 ሲወርድ መሆኑን ገና ሳይጀምሩ ይጻፉ፤ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይከብዳልና በተለይ በእሱ ላይ ይጽኑ። በዝቅተኛው ደረጃ በብዙ አሥር ሺህ ዙር ላይ በማያቋርጥ ሁኔታ እየከሰሩ ከሆነ ምክንያቱ ዕድል የመሆኑ ነገር እየጠበበ ይሄዳል፤ ያኔ ምርጫው ገንዘብ ሳያስይዙ መማር ወይም መተው ነው፣ ሦስተኛ ካፒታል ማስገባት ግን አይደለም።