ስላሙ በእጃችን ነበር፤ ምን ነካው?

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አራት ሆነን ብሪጅ (ሁለት ለሁለት የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) ይዘናል። አቦል ሲቀዳ ጓደኛዬ ስድስት ኖ ትራምፕ ጠራ፤ ያለ ገዢ ቀለም ከ13 ዙር 12 እንወስዳለን ማለት ነው፣ ስላም የሚባለውም ይህ ነው። የእኔ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ በሆዴ «አለቀላቸው» አልኩ። ቶና ሳይቀዳ በአንድ ዙር ወደቅን። 990 ነጥብ የምናገኝበት ጨዋታ 50 አስቀጣን። ሰውዬው እስካሁን «ዕድል ነው» ይላል። አይደለም።

የት እንደተሳሳትን በሦስት ምልክት አሳያለሁ። እጆቹ፣ ማለትም የያዝናቸው ካርታዎች፣ እነዚህ ነበሩ።

የእሱ፦ ስፔድ 8 6 3፤ ኸርት አስ ኩዊን 10፤ ዳይመንድ አስ ኩዊን 5፤ ክለብ ኪንግ ኩዊን ጃክ 10።

የተዘረጋው፣ ማለትም ዳሚው፦ ስፔድ አስ ኪንግ ኩዊን 4፤ ኸርት 7 5፤ ዳይመንድ ኪንግ 6 2፤ ክለብ አስ 9 5 3።

ከ13 ዙር 12 መውሰድ አለብን። እርግጠኛውን ቁጠሩ፦ ስፔድ 3፣ ኸርት 1፣ ዳይመንድ 3፣ ክለብ 4። በድምሩ 11። አንድ ይጎድላል። አንድ ዙር መሸነፍም ይፈቀድልናል። ይቺን የተፈቀደች ሽንፈት አትርሷት፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ምልክት 1፦ ፊኔሱ (የተጋጣሚ ትልቅ ካርታ በቀኝ ነው ብሎ በትንሹ ለማሸነፍ መሞከር) ከሸፈ

በግራ ያለው ተጋጣሚ በዳይመንድ 10 ጀመረ። ጓደኛዬ በዳሚው ኪንግ ወሰደ። ከዚያ ከዳሚው ኸርት 5 አወጣ፤ በቀኝ ያለው ትንሽ ሲጥል ኩዊኗን አስቀመጠ። በግራ ያለው በኪንግ በላት።

ምክንያቱ 10ን መዝለሉ ነው። ኩዊኗን ወዲያው ማስቀመጥ የሚሠራው ኪንጉ በቀኝ ከሆነ ነው፤ 50 በመቶ። 10ን ብናስቀምጥስ? በግራ ያለው በኪንግ ከበላ ኩዊኗ ነፃ ወጣች፣ 12 ሞላ። በጃክ ከበላ ደግሞ ከዳሚው ሌላ ኸርት አውጥተን ኩዊኗን እንሞክራለን። የሚከሽፈው ኪንጉም ጃኩም በግራ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ይህ 24 በመቶ ነው። ስለዚህ 76 በመቶ ከእኛ ጋር ነው። የዚያን ቀን ጃኩ በቀኝ ነበር። 10 ብቻዋን ትበቃን ነበር።

10 በጃክ ብትበላስ? ቶሎ ወደ ሁለተኛው ፊኔስ አትሩጡ። መጀመሪያ ዳይመንዱንና ክለቡን ጨርሱ፣ ቀጥሎ ስፔድ አስ ኪንግ ኩዊን አውርዱ። ስፔዱ በተጋጣሚዎቹ መካከል 3 ለ3 ከተከፈለ 4ቷ ዙር ትወስዳለች፣ ኸርቱን መንካት አያስፈልግም። ይህ 36 በመቶ ገደማ ይሆናል። ካልተከፈለ ያኔ ከዳሚው ኸርት ታወጣላችሁ። ሁለቱ ሲደመሩ ዕድላችሁ 84 በመቶ አካባቢ ይደርሳል።

ምልክት 2፦ ስኩዊዙ (ተጋጣሚን የሚያስፈልገውን ካርታ እንዲጥል ማስገደድ) ሊይዝ ሲል ይበጠሳል

ኩዊኗ ከተበላች በኋላም አልሞትንም ነበር። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ዳይመንድ ሲመለስለት ጓደኛዬ በአስ ወስዶ በድንጋጤ ኸርት አስን፣ ከዚያም ስፔድ አስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን አከታትሎ አወረደ። ስፔዱ 4 ለ2 ነበር፤ አራቱ ከነጃኩ በቀኝ። የኸርት ጃክም እዚያው። የእኛን ስፔድ 4 እና ኸርት 10 የሚያግዱት ሁለቱም ጠባቂዎች አንድ ሰው እጅ ገብተዋል፤ ለስኩዊዝ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም።

ችግሩ መንገዱ ነው። ስፔዶቹ ሲወርዱ ወደ 4ቷ የሚያሻግር ካርታ ጠፋ። የመጨረሻውን ክለብ በእጁ ቢወስድ 4ቷ ጋ መድረስ አይችልም፤ በዳሚው ቢወስድ 10ሯ እጁ ውስጥ ትቀራለች። አባይ ማዶ ሆኖ ያለ ታንኳ ቆሞ መጣራት ነው።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። ኸርት አስን አውርዱ፣ 10ሯ ማስፈራሪያ (ጃኩ ከተጣለ ዙር የምትወስድ ካርታ) ትሁን። ከዚያ የቀረውን ዳይመንድና ክለብ፤ የመጨረሻው ክለብ በእጃችሁ ይሁን። ስፔድ አይነካ። አምስት ካርታ ሲቀር በዳሚው ስፔድ አስ ኪንግ ኩዊን 4 እና አንድ ክለብ አለ፤ በእጃችሁ ሦስት ስፔድ፣ ኸርት 10 እና ክለብ ጃክ። በቀኝ ያለው አራት ስፔድና ኸርት ጃክ ይዟል። ክለብ ጃክ ሲወርድ አንዱን መጣል ግዴታው ነው። ኸርት ከጣለ 10 ነፃ ናት፣ ስፔድ ከጣለ 4። እናንተ መከታተል ያለባችሁ አንድ ካርታ ብቻ ነው፤ ኸርት ጃክ ወርዷል ወይስ አልወረደም። ሌላውን እርሱት።

ምልክት 3፦ ተጋጣሚው ሲጥል አይጨነቅም

ፊኔስ የሚፈራ ሰው ላይ ይታያል። መጀመሪያ እርግጠኛዎቹን ሁሉ ያወርዳል፣ ሽንፈቱን ለመጨረሻ ያቆያል። ከዘጌ እንጨት ጭና የምትመጣ ታንኳ አስቧት። አንድ እስር የሚሆን ቦታ ካላት ሌላ ብትጨምሩባት ምንም አትልም። የተፈቀደውን ሽንፈት ቀድማችሁ ካልሰጣችሁ ተጋጣሚው ያንን ትርፍ ቦታ፣ ማለትም ሳይጎዳ የሚጥለውን አንድ ካርታ፣ እንደያዘ ይቆያል። ሽንፈቱን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ስጡ።

በረካ ሲቀዳ ያንኑ እጅ መልሰን ዘረጋነው፤ ኩዊኗ ከተበላችበት ጀምረን። ጓደኛዬ ክለብ ጃክን አስቀመጠ። በቀኝ ያለው ካርታዎቹን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየገፋ ቆየ፣ ሲኒውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ስፔድ ጣለ።