መዝሙር 22ን በክርስቲያን ዓይን እንዴት እናንብበው?

ብሉይ ኪዳንን የሚያነብ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ወደ መስቀሉ ለመድረስ ይቸኩላል። መድረሱ መልካም ነው፤ መንገዱን ዘልሎ የደረሰ ግን የሚያገኘው አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ነው። አካሄዱን ኢየሱስ በመስቀል ላይ በጮኸው ቃል፣ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ብሎ በሚጀምረው መዝሙር እንየው።

መጀመሪያ መዝሙሩን ፈልጉት። በዕብራይስጡ ቁጥር 22ኛ ነው፤ የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ግን 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር እዚያ 21ኛ ሆኖ ይገኛል። በግእዝ ዳዊት የሚደግሙ ምእመናንም የሚያውቁት በዚህ ቁጥር ነው።

ከዚያ ወንጌሉን ለጊዜው አቆዩትና መዝሙሩን እስከ መጨረሻው፣ ቢቻል ድምፃችሁን እያሰማችሁ አንብቡት። እስከ ቁጥር 21 ድረስ ጩኸት ነው። ከ22 ጀምሮ ያው ሰው በጉባኤ መካከል ቆሞ ያመሰግናል። ብዙ ሰባኪዎች ከዚህ መታጠፊያ በፊት መጽሐፉን ይዘጋሉ፤ እኔ ይህን ትልቅ ጉድለት እለዋለሁ።

ቀጥሎ ቃሉን በራሱ አገር ስሙት። ጸሐፊውን የከበቡት በሬዎች የባሳን ናቸው፤ ባሳን ከዮርዳኖስ ማዶ ያለ፣ በሰቡ ከብቶቹ የታወቀ የግጦሽ ምድር ነበር። አንበሳና ውሻም ይታከላሉ፤ የጠላቶቹ ስም ግን አንድም ጊዜ አይጠራም። ለዚህም ነው የተጨነቀ ሁሉ የራሱ ጸሎት ሊያደርገው የቻለው። የአይሁድ መምህራን አስቴር ወደ ንጉሡ ስትገባ የጸለየችው ነው ብለው ያነቡታል። ይህን ሲሰማ ደንግጦ ለክርክር የሚነሣ ክርስቲያን አለ፤ መዝሙሩ ግን ለአስቴርም ለኢየሱስም ጩኸት ይበቃል።

የዕብራውያንን ቅኔ ልማድም አትርሱ፤ አንዱን ነገር በሁለት ስንኝ ደግሞ ይናገራል። ቁጥር 18 ላይ ልብሴን ተከፋፈሉ፣ በቀሚሴም ላይ ዕጣ ተጣጣሉ ሲል፣ በቅኔው ልማድ አንድ ድርጊት ነው። አሁን ዮሐንስ 19፥23-24ን ክፈቱ። ወታደሮቹ ልብሱን አራት ቦታ ይከፍሉታል፤ ስፌት የሌለውን እጀ ጠባብ ግን ሳይቀድዱ ዕጣ ይጣጣሉበታል። ወንጌላዊው ሁለቱን ስንኞች ለየብቻ ሲፈጸሙ አሳየ። የቅኔውን ልማድ የማያውቅ አንባቢ ይህን ጥንቃቄ ሳያየው ያልፋል።

ማርቆስ 15 ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። ዕጣው ቁጥር 24 ላይ፣ ራስ መነቅነቁ 29 ላይ፣ «ለምን ተውኸኝ» የሚለው ጩኸት 34 ላይ ነው። ከመዝሙሩ ጋር አስተያዩት፤ ቁጥር 18፣ ከዚያ 7፣ ከዚያ 1። ታሪኩ መዝሙሩን ወደ ኋላ እየሄደ ወደ መጀመሪያው ቃል ይወርዳል። የምስጋናው ክፍልም ባለቤት አላጣም፤ የዕብራውያን መልእክት 2፥12 የመዝሙሩን ቁጥር 22 በኢየሱስ አፍ ያኖረዋል።

መንገዱን ከለመዳችሁት በኋላ ሆሴዕ 11፥1ን ከማቴዎስ 2፥15 ጋር ሞክሩ። ይህ ይከብዳል። ማቴዎስ ቃሉን ስለ ኢየሱስ ይጠቅሰዋል፤ በሆሴዕ ግን ከግብፅ የተጠራው ልጅ እስራኤል ነው፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ስትሉም በኣሊም ለተባሉት ጣዖታት ሲሠዋ ታገኙታላችሁ። ማቴዎስ ይህን ያላነበበ አይምሰላችሁ፤ ያ ልጅ ያልታዘዘውን የሚታዘዝ ልጅ መጣ እያለ እንደሆነ ምዕራፍ 4 ላይ የምድረ በዳውን ፈተና ስታነቡ ፈትሹት።