ግራቪሊያ ኦክ አይደለም፦ ኦክ በል አባ ጨጓሬዎች ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ስር ካለው ቤታቸው ደውሎ "ጋሼ ሐር ላመርት ነው" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ቻይና ውስጥ ኦክ ዛፍ ላይ ሜዳ ላይ የሚረባ የሐር ትል በቪዲዮ አይቷል፣ ግቢያቸው ደግሞ ሦስት ትልልቅ ግራቪሊያ አለ፣ ግራቪሊያ በፈረንጅ "ሲልኪ ኦክ" እንደሚባል አንዱ ችግኝ ሻጭ ነግሮታል፣ በቃ ሐርም አለ ኦክም አለ ምን ቀረ ብሎ እንቁላሉን ከውጭ ሊያዝ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ሐዋሳ ላይ እንደሱ የሚያስብ ሰው ብዙ ስላየሁ ለሱ ያልኩትን ለሁላችሁም ልበል።

መጀመሪያ ስም አይቶ ዛፍ መወሰን። ግራቪሊያ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ ከኦክ ጋር ምንም አይዛመድም፣ ጣውላው ሲሰነጠቅ ኦክ ስለሚመስል ብቻ ነው ስሙ የተለጠፈበት። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፣ ከስር ብርማ ነው፣ የተሰነጣጠቀ ነው፣ አበባው ብርቱካናማ። የኦክ ፍሬ ደግሞ ትንሽ ስኒ ውስጥ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ከ400 በላይ ዝርያ አለው ግን በተፈጥሮው ከሰሃራ በታች አይበቅልም፣ በኛ አህጉር ያለው ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያ አካባቢ ነው። አክስቴ ደግሞ ከጓዳ ሆና "አብርሃም የተቀመጠበት የመምሬው የአድባር ዛፍ ኦክ አይደል እንዴ፣ ዋርካው ይሁንላችሁ" አለች። በእንግሊዝኛው ኦክ ይሉታል እውነቷን ነው፣ ግን እኛ ጋ አድባር ማለት ሰው የሚያከብረው ዛፍ ነው፣ ዋርካም ሾላም ሊሆን ይችላል፣ ትሉ ደግሞ አድባር አያውቅም።

ሁለተኛውና እኔ በጣም የምወደው ስህተት "ቅጠል ቅጠል ነው፣ ሲርበው ይበላል" የሚለው ነው። አይበላም! እንቁላሉ ተፈልፍሎ ትክክለኛ ቅጠል ካላገኘ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ትክክለኛው ዛፍ ላይ ራሱ ጊዜው ካለፈ ችግር ነው። እነዚህ ትሎች ሲያድጉ የእሳት እራት ነው የሚሆኑት፣ አውሮፓ ውስጥ የክረምት የእሳት እራት የሚሏት አለች፣ ሴቷ ክንፍ የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል፣ በብርዱ ወቅት ግንዱን በእግሯ ወጥታ ነው እንቁላል የምትጥለው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ልክ ኦኩ እምቡጡን ሲከፍት መሆን አለበት፣ ቀድሞ ከወጣ የሚበላው የለም፣ ከዘገየ ደግሞ ቅጠሉ ጠንክሮ ታኒን ሞልቶበታል። ታኒን ማለት ሻይ በጣም ሲፈላ ምላሳችሁን ድርቅ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ቆዳ ለማልፋትም ይጠቀሙበታል፣ እንግዲህ ትሉ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ኦክ በሎች በፀደይ ለጋውን ቅጠል ተሻምተው በልተው የሚጨርሱት።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። አሪዞና አካባቢ ያለች አንዲት የእሳት እራት በዓመት ሁለት ዙር ትወልዳለች፣ የፀደዮቹ ትሎች የኦክ አበባ እየበሉ ቁርጥ አበባውን ይመስላሉ፣ የበጋዎቹ ቅጠል እየበሉ ጭራሮ ይመስላሉ። ዝርያው አንድ ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው ምግቡ ነው። ስለዚህ መልክ አይቶ "ሁለት ዓይነት ትል አገኘሁ" ማለትም ስህተት ነው።

እንቁላል ከውጭ ማስመጣት የሚለው ግን ቀልድ የለውም። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አጠገብ ሜድፎርድ የሚባል ከተማ ትሩቬሎ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ልክ እንደኛው ልጅ ሐር አስቦ ከአውሮፓ የእሳት እራት አመጣ፣ ትሎቹ አመለጡ፣ ይኸው እስከዛሬ የምሥራቅ አሜሪካን ኦክ ሙልጭ አድርገው ይበላሉ። ሐርም አልወጣለት። እኛስ ብንሆን እ.ኤ.አ. በ2017 የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች በቆሎውን ምን እንዳደረገው አይተናል አይደል፣ እሱም ሲያድግ የእሳት እራት ነው።

በእጅ መንካት። ልጅ ሆነን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሳ ልንበላ ስንሄድ አንዱ ጓደኛዬ አንገቱ ላይ አባ ጨጓሬ ወደቀበትና እኛ ብልጦቹ በአሸዋ አሸነው፣ ማታ አንገቱ አብጦ ቁጭ አለ። ማሸት ፀጉሩን ይበልጥ ያስገባዋል፣ ፕላስተር ለጥፎ ብድግ ማድረግ ከዛ በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው የሚሻለው፣ ዓይን ከገባ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ቤት ነው። ኦክ ላይ በሰልፍ ተከታትለው የሚሄዱት አባ ጨጓሬዎች ደግሞ የባሱ ናቸው፣ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተገኙ ወዲህ ከተማው እስከዛሬ አልተገላገላቸውም፣ የተዉት ጎጆ ውስጥ ያለው ፀጉር ራሱ ለዓመታት ያሳክካል። እኛ ሰፈር የሚደረገው ላምባ ደፍቶ ማቃጠል ደግሞ ፀጉሩን በአየር ይበትነዋል፣ ጎረቤት ሁሉ ያካል።

ቅጠሉ አለቀ ብሎ ዛፉን መቁረጥም አለ። ጤነኛ ኦክ አንዴ ቢራቆት በዛው ዓመት መልሶ ያወጣል፣ የሚጎዳው በተከታታይ ዓመት ሲበላ ወይ ድርቅ ሲጨመርበት ነው። አምፖል ስር የምትዞረዋን የእሳት እራት መግደል ደግሞ ቅጠሉን አያድንም፣ የሚበላው ትሉ ነው እሷ አይደለችም። የቻይናዋ የኦክ ሐር እናት ለምሳሌ የሚሠራ አፍ እንኳን የላትም፣ ተጋብታ እንቁላል ጥላ ትሞታለች።

ልጁን ጨርሼ ተስፋ አላስቆረጥኩትም። ጉሎ የሚበላ የሐር ትል አለ፣ ኤሪ ይባላል፣ ኮኩኑ፣ ማለትም ትሉ ከሐር ሠርቶ ራሱን የሚጠቀልልበት ቤት፣ በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ የእሳት እራቷ ሳትሞት ትወጣለች። ከአዳማ አለፍ ብሎ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራበት የቆየ ነው፣ እንቁላል ከፈለገ ከዛ ይጠይቅ እንጂ ከውጭ ምን አስዞረው። አሁን ግቢው ጥግ ላይ ጉሎ ተክሏል። ትናንት ሄጄ ሳየው ግን ታናሽ እህቱ ፍሬውን ለቅማ ስትጫወትበት አገኘኋት፣ የጉሎ ፍሬ እኮ መርዝ ነው፣ ተቀብዬ ሽንት ቤት ጣልኩትና ልጁን "አጥር እስክትሠራለት ትል የለም" አልኩት።