ሰራተኛን ሳያፍኑ ውስብስብ ስራ እንዴት ይመራል?

አዳማ ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነች ስልጠናና ስብሰባ አይጠፋባትም። የአዳራሽ ሆቴል የሚያስተዳድር ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ለ80 ሰው የታዘዘ ምሳ 110 ሰው ይመጣበታል። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጿሚው ብዙ ነው። መብራት ደግሞ ሄዷል። አስተናጋጁ ግን "ሥራ አስኪያጁ ስልክ አያነሱም" ብሎ ቆሟል።

መጀመሪያ ስራውን ይለዩ። ዌልሳዊው የአመራር አማካሪ ዴቭ ስኖውደን ችግሮችን በዓይነት ይከፍላቸዋል። የካሸር ሂሳብ መዝጋት ግልጽ ስራ ነው፤ መመሪያ አውጥተው ይቆጣጠሩ። ጄኔሬተር ሲበላሽ ባለሙያ ይጥሩ። ዛሬ ስንት እንግዳ ይመጣል፣ ምን ያስከፋዋል የሚለው ግን ውስብስብ ነው። ምክንያቱ የሚገባን ካለፈ በኋላ ነው። እዚህ ላይ መመሪያ ማብዛት ሰውን ከማሰር በቀር አይረባም።

ቀጥሎ ድንበሩን ያስምሩ። የማይነካው ነገር ጥቂት ይሁን፦ የጾሙና የፍስኩ ምግብ አይነካካም፣ ጭልፋውም ጭምር። ያለ ደረሰኝ ብር አይወጣም። ሌላውን ለሺፍት ኃላፊው ይተዉለት። የብር ጣሪያም ይቁረጡለት፦ "እስከዚህ ድረስ ሳትጠይቀኝ ወስን።" ጣሪያው በቁጥር ካልተነገረው ሁሌም ይደውላል፣ አይፈረድበትም። አብዛኛው አለቃ የሚበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ወስኑ ይላል፣ ሲወስኑ ይቆጣል።

ከዚያ በትንሹ ይሞክሩ። የምሳ ሰልፍ አስቸገረ? ለአንድ ስልጠና ብቻ የጾሙን ቡፌ በሌላ በር በኩል ያውጡት። ሰልፉ ካጠረ ይቀጥሉበት፣ ካላጠረ ይተዉት። የሚበላሸው ቢበዛ የአንድ ቀን ምሳ ነው።

ወሬው ቶሎ እንዲደርስዎ ደግሞ በሺፍት ርክክብ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆም ብለው "ዛሬ ያልጠበቃችሁት ምን ገጠማችሁ?" ይበሉ። "ማነው ያጠፋው?" ካሉ ግን ከነገ ጀምሮ መልሱ "ሰላም ነው" ብቻ ይሆናል።

ሰራተኛው እርስዎ በማይሰሩበት መንገድ ሲሰራ እጅዎን ይበላዎታል። ድንበሩ ካልተጣሰ ዝም ይበሉ። ኪችን ውስጥ እሳት ቢነሳ ወይም ምግብ ሰው ቢያሳምም ግን ምክክር የለም፤ ፈጥነው ያዝዙ። ሲረጋጋ ስልጣኑን ለሺፍት ኃላፊው እዚያው በሰራተኛው ፊት ይመልሱለት። ካልሆነ በሚቀጥለው ረቡዕም የሚደወለው ለእርስዎ ነው።