ቀጭኔው ዋናው ነው ወይስ መንትያው? የድሮ ቴምብር ሲለይ የሚያጋጥም ችግርና መፍትሄ

ደሴ ፒያሳ ላይ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ዓይኔ ላይ የምሰካው ማጉያ ግን ከሰዓት ሆድ ያላነሰ ቴምብር አይቷል። አንድ ጊዜ «ሰውዬው ቴምብር ያውቃል» ተብሎ ከተወራ ወዲህ ከሐይቅም ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ሰው የአያቱን ሳጥን ተሸክሞ ይመጣል። የሚመጣው ጣጣ ደግሞ ሁሌም ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

በጉጠት ያዙ፣ በላብ እጅ አትንኩ የሚለውን አልደግምም። ማጉያችሁ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይሁን፤ ብርሃኑ ከመስኮት ይምጣ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ካታሎጎቹ በዚያ ስለሚሄዱ ነው።

ምልክት፦ የእንስሳቱ ቴምብር ሙሉ ነው፤ ትናንት የታተመ ይመስላል

ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ፤ ከነሱም ጋር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪና ንግሥት ዘውዲቱ። 15 ቴምብር፣ አንድም ሳይጎድል። ጥርሱ ሙሉ፣ ማኅተም ያልነካው፣ ቀለሙ የሚጮህ። ባለቤቱ «የአያቴ ነው» ይላል፤ እኔም «እሺ» እላለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ ስብስብ በ1919 ስዊዘርላንድ ታትሞ ወጣ። ሰብሳቢው ዓለም እንስሳቱን ወደዳቸው፤ ስለዚህ በኋላ ዳግመኛ ታተሙ፤ ያኛው ኅትመት ደብዳቤ ሊሸከም ሳይሆን ለሰብሳቢ ሊሸጥ የተሠራ ነው። ሥዕሉም መጠኑም ያው ስለሆነ ፊት ለፊት እያያችሁ ብትከራከሩ እስከ በረካ ቡና ድረስ አትጨርሱም። ዛሬ በየአልበሙ ያለው አብዛኛው ይኸው መንትያው ነው። በካታሎግ ሙሉው የዳግም ኅትመት ስብስብ የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው። ዋናውም ቢሆን ከዚህ ይሻላል እንጂ መሬት የሚያስገዛ አይደለም፤ ይህን ስል ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች አሉ።

መፍትሄው ከጀርባው ነው። ቴምብሩን ገልብጡት። ሙጫውን ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አጋድማችሁ፣ ብርሃኑ ከጎን እየገባ፣ በማጉያ እዩት። የዋናው ሙጫ ነጭና ልስልስ ነው። የመንትያው ሙጫ ቡናማ ይልና በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሄድ ቀጫጭን ስንጥቅ፣ ክረምት ወጥቶ ፀሐይ የመታው የማሳ ጭቃ ይመስላል። አንድ ጊዜ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ካያችሁት ሁለተኛ አትሳሳቱም። ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ ካበራችሁበት ግን ስንጥቁ ይጠፋል፤ በስልክ ባትሪ ፊት ለፊት እያበሩ «ምንም የለውም» የሚሉኝ ለዚህ ነው። አጋድሙት!

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያው ይበዛል፤ ምክንያቱም ማስረጃው ሙጫው ብቻ ሆኖ ሳለ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው ሙጫውን ነው።

አትጠቡት። አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ ስብስቡን ሊያሳየኝ ከመምጣቱ በፊት ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ፎጣ ላይ አስጥቶ፣ በመጽሐፍ ተጭኖ አመጣልኝ። «ጀርባቸው ቆሽሾ ነበር፤ አብሽር፣ አጽድቼያቸዋለሁ» አለኝ። ቆሻሻ ያለው ሙጫውን ነው። ቡናማ እንደነበር ከራሱ አፍ ስለሰማሁ መንትያው ይመስለኛል ብዬ ነገርኩት፤ ማረጋገጥ ግን ከዚያ በኋላ የለም። አትላሱት፤ የሚልስ ሰው አለ ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ፣ «ሙጫው ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ያለኝ ጎልማሳ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉም የጦሳን ተራራ አልብሶ ደሴ ላይ ሲወርድ አልበሙን ግድግዳ ጥግ አታስቀምጡት። ሙጫው ረጥቦ ከገጹ ጋር ይጣበቃል፤ ስትልጡት ስንጥቁም ልስላሴውም አብሮ ይሄዳል። የደሴ ክረምት ከአይጥ የበለጠ ቴምብር በልቷል።

አሁን ደግሞ ብልጦቹ። ሙጫው ነጭና ልስልስ ሆኖ ልባችሁ ካልተቀበለው ጥርሱን እዩ። ቴምብር መጀመሪያ ሙጫ ተቀብቶ ኋላ ነው የሚበሳው፤ ስለዚህ ሲቀደድ በጥርሱ ጫፍ ላይ የሚቀረው የወረቀት ክር ለስላሳና ደረቅ ነው። በኋላ አዲስ ሙጫ የተቀባ ከሆነ ሙጫው ወደ ክሩ ገብቶ ያጠነክረዋል፤ ጫፉ በጣት ሲነካ ይቆረቁራል፣ በማጉያም ያብረቀርቃል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ለርካሽ ቴምብር አይደክሙም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ይደክማሉ።

ሌላው ወጥመድ ማኅተም ነው። «ማኅተም አለበት፣ ስለዚህ ፖስታ ላይ ሄዷል፣ ስለዚህ ዋናው ነው» ይባላል። አይደለም። መንትያውም ማኅተም ተመትቶበት ይሸጣል። የተመታው ቴምብር ደግሞ ሙጫው ከለቀቀ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ለመናገር እኔ አልደፍርም። እውነተኛ ምስክር የሚሆነው ቴምብሩ ከነደብዳቤው ልባስ፣ ከነአድራሻው፣ ማኅተሙ ከቴምብሩ አልፎ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ የአያታችሁ ልባስ ላይ ያለውን ቴምብር በመቀስ አትቁረጡት። አትቁረጡት። ቆርጠው ቴምብሩን በብልቃጥ፣ ልባሱን ለእሳት መለኮሻ ያደረጉ ቤቶች አውቃለሁ።

የመጨረሻው፣ ከሁሉም የሚያደክመኝ፣ የተገለበጠው ነው። ቴምብሩ ባለ ሁለት ቀለም ስለሆነ ክፈፉና መሃሉ ለየብቻ ታትመዋል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ከገባ እንስሳው እግሩን ወደ ሰማይ ይሰቅላል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ከሐይቅ ሲሮጥ መጣ።

«ጋሼ፣ የዓለም ብርቅ አግኝቻለሁ! ባጃጅ ይገዛልኝ?»

«ጎማውን አይገዛልህም፣ ልጄ።»

የተገለበጡትና ጥርስ አልባዎቹ ከዳግም ኅትመቱ ውስጥ አሉ። ስሕተት ይመስላል እንጂ ለገበያ የወጣ ዕቃ ነው። ልጁ አላመነኝም። ሳምንት ሳይሞላ ከአጎቱ ልጅ ጋር ተመለሰ፤ ለካ እሱም ከሌላ ሻጭ ተገልብጦ የተኛ እንስሳ ገዝቶ ኖሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ጀርባቸውን አሳየኋቸው። ሰያፍ ስንጥቅ፣ ሁለቱም ላይ። የሸጡላቸው ሰዎች «ገንዘብ አንመልስም» ብለዋል።

ምልክት፦ የምኒልክ ቴምብር ነው፤ በላዩ ላይ ጽሑፍ ተመትቶበታል

በ1894 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የዳግማዊ ምኒልክ መልክ፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሽ ሦስቱ አንበሳ አላቸው። 16 ግርሽ አንድ ማርትሬዛ ብር ነው። ባዶው ቴምብር ብዙ አያጣላም። የሚያጣላው በእጅ ማኅተም የተመታበት ነው፦ በ1901 «ኢትዮጵያ» በፈረንሳይኛ ፊደል፣ በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት»፣ በ1905 ደግሞ በሳንቲም ቁጥር። ባዶውን ቴምብር በርካሽ ገዝቶ፣ ማኅተም አስቀርጾ፣ መትቶ መሸጥ ቀላል ስለሆነ አስመሳዩ ከዋናው ይበዛል።

መጀመሪያ የምታዩት ቅደም ተከተሉን ነው። ቴምብሩ የፖስታ ቤት ማኅተም ካለው ጽሑፉ ከሥር፣ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከላይ መሆን አለበት። «ቦስታ» የሚለው ቃል የፖስታ ቤቱን ክብ ማኅተም አቋርጦ በላዩ ከሄደ አለቀ፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቀጥሎ አቀማመጡን። የሰው እጅ አንድ ዓይነት ሁለት ጊዜ አይመታም፤ ጋደል ይላል፣ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ባልተነጣጠሉ አራት ቴምብሮች ላይ ጽሑፉ በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ ርቀት፣ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ከተደረደረ የእጅ ሥራ አይደለም። ከዚያ ቀለሙን በማጉያ፦ የዘመኑ ፕሪንተር የሚረጨው ነጠብጣብ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ ይታያል።

አንዱን ሐሰተኛ ግን ያለ ማጉያ ነው የያዝኩት። በጥሩ ወይን ጠጅ ቀለም፣ በጥሩ ፊደል፣ «ፖስታ» ይላል። በ«ፖ»! ቀራጩ የአያቱን አማርኛ አስተካክሎ አረፈው። ዐረብኛው «ጰ»ም «ፐ»ም ስለሌለው «ቡስጣ» ይላል፤ የድሮው አማርኛም «ቦስታ» ነበር፤ እዚህ ወሎ ውስጥ ዛሬም «ቦስታ ቤት» ሲሉ የምሰማቸው ሽማግሌዎች አሉ። እነሱን ቢጠይቅ ኖሮ አይያዝም ነበር።

ደግሞም፦ የእጅ ማኅተም ያለበትን ቴምብር ውሃ አታስነኩ፣ እንፋሎትም ቢሆን። ወይን ጠጁ ቀለም ውሃ ይፈራል። አንድ ጎረቤቴ ልባሱን ከጀበና አፍ ላይ ይዞ ቴምብሩን ሊያላቅቅ ሲሞክር ጽሑፉ ሟሙቶ ንጉሡ ፊት ላይ ወረደ። ዋናው ይሁን አስመሳይ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ምልክት፦ የጥርሱ ልክ ከካታሎጉ ጋር አልገጥም አለ

የጥርስ ልክ ማለት በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። የ1894ቱ ላይና ታች 14፣ በጎኖቹ 13 ተኩል ነው። አንድ መምህር «ካታሎግ ያላየው ልዩ ዓይነት አግኝቻለሁ፣ 13 ከምናምን ነው» ብሎ ሦስት ቴምብር አመጣ። ሦስቱም ልዩ? መለኪያውን አምጣ አልኩት። ከስልኩ አውርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተመው ወረቀት ነው፤ ማሽኑ ከገጹ ጋር እንዲገጥም አሳንሶ አትሞታል። መለኪያው አምስት በመቶ ካነሰ 14 የነበረው 13 ከምናምን ሆኖ ይነበባል። መፍትሄው አንድ ነው፦ ራሳችሁ ካተማችሁ መጀመሪያ በወረቀቱ ላይ ያለውን 2 ሳንቲ ሜትር በብረት ማስመሪያ ለኩ።

ጥርስ የሌለው ሆኖ ከመጣላችሁ ስፋቱን ጥርስ ካለው ወንድሙ ጋር አስተያዩ። ጠበብ ካለ ተላጭቷል።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

የወረቀት ውስጥ ምልክት፦ እሱን ለማየት ቴምብሩን ጥቁር ሳህን ላይ በፊቱ ደፍታችሁ ሁለት ጠብታ የላይተር ቤንዚን ጣሉበት። ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየጋመ ይህን አትሞክሩ፤ ቅንድቤ መስካሪ ነው።

የደበዘዘ ቀለም፦ አዲስ ዓይነት አይደለም፤ መስኮት ላይ ተለጥፎ የኖረ ነው።

1928፦ በካታሎግ 1928 የንግሥት ዘውዲቱና የራስ ተፈሪ ስብስብ ነው። በእኛ 1928 ዓ.ም. ግን ጣሊያን የገባበት ዓመት ነው። ሁለቱን አምታቶ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ሞልቷል፤ ማኅተም ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታውቁ አትከራከሩ።

የጣሊያን ዘመን፦ የጣሊያኑ ንጉሥ ያለበትና በላቲን ፊደል «ኤቲዮፒያ» የሚለው ቴምብር ላይ የደሴ ማኅተም ሲገኝ የእኛ ሰው ይጓጓል፤ አስመሳዮቹም ይህን ያውቃሉ። ቀኑን አንብቡ። ጣሊያን ደሴን የያዘው ኤፕሪል 15 ቀን 1936፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ቴምብሩ የወጣው አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ፣ በሜይ ነው። ባለፈው የመጣልኝ ኤፕሪል 16 ይላል። ሻጩ «በገቡ በነገታው የተመታ ነው፣ ታሪካዊ ነው» ብሎ ዋጋውን እጥፍ አድርጎበት ነበር።