የኦቫሪ ካንሰር እንዴት ይሰራጫል? ስለ ህዋሶች መጣበቅ የሚሠሩ ስህተቶች

ካንሰር ተሰራጨ ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣልን ህዋሱ ከቦታው ተነቅሎ በደም ሲጓዝ ነው። የእንቁላል ማምረቻው፣ ማለትም የኦቫሪ፣ ካንሰር ግን በአብዛኛው ሌላ መንገድ አለው። ይህን አለማወቅ ደግሞ ምርመራንና ህክምናን በተመለከተ የሚደረጉ ውሳኔዎችንም ያበላሻል።

ስህተት 1፦ «መጣበቁ ሲላላ ካንሰሩ ይሰራጫል» ብሎ መደምደም

ጤናማ ህዋሶችን ጎን ለጎን አያይዘው ከሚይዙት ፕሮቲኖች አንዱ ኢ-ካድሄሪን ነው። በብዙ ካንሰሮች ይህ ፕሮቲን ሲቀንስ ህዋሱ ይላቀቅና ወደ ጎረቤት ሥጋ ዘልቆ ይገባል። ኦቫሪ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የኦቫሪን ገጽ የሚሸፍኑት ጤናማ ህዋሶች ኢ-ካድሄሪን እምብዛም የላቸውም፤ ጎልቶ የሚታየው ዕጢው ላይ ነው። (ኃይለኛው ዓይነት በአብዛኛው ከማህፀን ቱቦ ጫፍ እንደሚነሳ አሁን ስለሚታመን፣ ይህ ንጽጽር ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።)

ከዕጢው የረገፉ ህዋሶች ደም ሥር ሳያስፈልጋቸው በሆድ ዕቃ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ይንሳፈፋሉ። መያዣ አጥቶ ብቻውን የቀረ ህዋስ ብዙውን ጊዜ ይሞታል፤ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ትናንሽ ድቡልቡሎች የሠሩት ግን ይተርፋሉ። ከዚያ መልሰው መጣበቅ አለባቸው። በካንሰሩ ህዋስ ገጽ ላይ ያለው ሙክ16 የሚባል ፕሮቲን በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ካለው ሜሶተሊን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ይቆላለፋል፤ ኢንተግሪኖችና ሲዲ44 የተባሉ ሌሎች የማጣበቂያ ፕሮቲኖች ደግሞ ይዞታውን ያጠብቃሉ። ከሚወዷቸው ማረፊያዎች ዋነኛው ሞራ ነው፤ በግ ሲታረድ አንጀቱን ሸፍኖ የምናየው ስብ እኛም አለን። በቀዶ ጥገናው ሞራውም አብሮ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስህተት 2፦ የሴቶችን ካንሰር ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት

በማህፀን በር ካንሰር የህዋሶቹን ትስስር የሚያናጋው በሽታውን የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ራሱ ነው፤ ኢ6 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ህዋሶች ሥርዓታቸውን ጠብቀው እንዲደረደሩ የሚረዳውን ስክሪብል የተባለ ፕሮቲን ያስወግዳል። ካንሰሩም በዙሪያው ወዳለው ሥጋና ወደ ንፍፊቶች ይሄዳል። በማህፀን ግድግዳ ካንሰር ደግሞ ኤል1ካም የተባለው የማጣበቂያ ፕሮቲን በብዛት ከተገኘ፣ በሽታው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ቢሆንም እንኳ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል።

ስህተት 3፦ «መጣበቁን የሚያግድ መድኃኒት ከተገኘ አለቀ»

አጓጊ ሐሳብ ነው፤ ተሞክሯልም። ቮሎሲክሲማብ የተባለው መድኃኒት አንዱን ኢንተግሪን ያግዳል፤ በፕላቲነም ኬሞቴራፒ አልበገር ያለ የኦቫሪ ካንሰር ባለባቸው ሴቶች ላይ ተሞክሮ በቂ ውጤት አላሳየም። አንዱ እጅ ቢታሰር ህዋሱ በሌላው ይይዛል። በዚያ ላይ ድቡልቡሎቹ መሃል ያሉት ህዋሶች ቀስ ብለው ስለሚከፋፈሉና መድኃኒት በደንብ ስለማይደርሳቸው፣ በፍጥነት የሚከፋፈለውን የሚመታው ኬሞቴራፒ ያልፋቸዋል።

በእኔ አስተያየት የተሻለው ብልሃት ማጣበቂያውን እንደ አድራሻ መጠቀም ነው። ካቱማክሶማብ ኤፕካም የተባለውን የማጣበቂያ ፕሮቲን በአንድ ወገን፣ የሰውነትን ተከላካይ ቲ-ህዋስ በሌላ ወገን ይዞ ያገናኛቸዋል። በካንሰር ምክንያት ሆድ ውስጥ ለሚጠራቀም ውሃ በአውሮፓ ኅብረት በ2009 (እ.ኤ.አ.) ተፈቀደ፣ በ2017 ከገበያ ወጣ፣ በ2025 እንደገና ፈቃድ አገኘ።

ስህተት 4፦ «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ብሎ ከቀዶ ጥገና መሸሽ

ይህ ወሬ ብዙ ሴቶችን ያስፈራል። የኦቫሪ ካንሰር ህክምና ዋና ምሰሶው ግን ቀዶ ጥገና ነው፤ በዓይን የሚታይ ዕጢ ሳይቀር ከወጣ ውጤቱ ይሻላል። በወሬው ውስጥ አንዲት እውነት ግን አለች፦ ኦቫሪ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ያለ አጠራጣሪ ዕጢ በመርፌ አይወጋም፣ እንዳይፈነዳም ይጠነቀቁለታል። ከፈነዳ ህዋሶቹ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳሉ፤ የበሽታው ደረጃም ወደ 1ሲ (የመጀመሪያው ደረጃ የመጨረሻ ክፍል) ከፍ ይላል። ስለዚህ ቢላውን ከመፍራት ይልቅ የኦቫሪና የማህፀን ካንሰር ቀዶ ጥገና የለመደ ሐኪም መፈለግ ይበጃል።

ስህተት 5፦ ሲኤ125 ከፍ ስላለ ካንሰር ነው ማለት

በደም ምርመራ የሚለካው ሲኤ125 ከዚያው ከሙክ16 ተቆርጦ ደም ውስጥ የሚገኝ ክፍል ነው። የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲቆጣም ይጨምራል፤ በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጪ ሲያድግ)፣ በጉበት በሽታ። ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በዚህ ምርመራ ማጣራትም አላዋጣም፤ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈውና ውጤቱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በኦቫሪ ካንሰር የሚደርሰውን ሞት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጠቃሚነቱ በይበልጥ ካንሰሩ ተረጋግጦ ህክምና ለጀመረች ሴት ነው፤ የቁጥሩ መውረድና መውጣት መድኃኒቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል።

እንደ ኢትዮጵያ ቲቢ በብዛት ባለበት አገር ይህ ስህተት ይብሳል። የሆድ ዕቃ ቲቢ ሆድን በውሃ ይነፋል፣ ያከሳል፣ ሲኤ125ንም ያንረዋል፤ በአልትራሳውንድም የተሰራጨ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ከሽፋኑ ናሙና ተወስዶ ካልታየ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ቲቢ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልጋት ብዙውን ጊዜ 6 ወር የሚወሰድ መድኃኒት እንጂ ኦቫሪዋን ማውጣት አይደለም።