የመጀመሪያው የታንክ ሞዴል፦ ከፍሬም መቁረጥ እስከ ሰንሰለት ጭቃ እንዴት ይሠራል?

ክፍሎቻቸው ተበታትነው በሣጥን ከሚሸጡት የፕላስቲክ የጦር መሣሪያ ሞዴሎች ሁሉ ለጀማሪ ታንክ ይሻላል። አውሮፕላን መስታወት መሰል መስኮት አለው፤ አንዲት የማጣበቂያ ጠብታ ካረፈችበት ደብዝዞ ይቀራል። ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት መስመርም በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተሞልቶ ነው የሚጠፋው። መርከብ ደግሞ ከጥፍር ያነሱ መድፎችና ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ስብስብ ነው። ታንክ ሸካራ ነው፤ ቆሻሻም ያምርበታል። ቀለሙ ወጥ ባይሆን ፀሐይ የመታው፣ ጠርዙ ቢጫር ወታደር የረገጠው ይመስላል።

ሣጥኑን መምረጥ

ሣጥኑ ላይ 1/35 ወይም 1/72 ተብሎ የተጻፈው ስኬሉ ነው፤ እውነተኛው ታንክ ስንት እጥፍ እንዳነሰ ያመለክታል። 5.84 ሜትር የሚረዝመው የአሜሪካ ሸርማን ኤም4ኤ1 በ1/35 ወደ 17፣ በ1/48 ወደ 12፣ በ1/72 ወደ 8 ሴንቲሜትር ይሆናል። በ1/72 የፊት መብራቱ ከክብሪት ራስ ያንሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ሞዴል ቀላል ሞዴል ይመስላል እንጂ እጅ ላልለመደ ሰው ይከብዳል። በ1/35 ይጀምሩ። ምርጫውም የሰፋው እዚያ ነው።

የ1/35 አመጣጥ ያስቃል። የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጀርመኑን ፓንተር በሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሲሠራ፣ የታንኩን ስፋት የወሰኑት ሆዱ ውስጥ መግባት የነበረባቸው ባትሪ ድንጋዮች ናቸው። በኋላ ሲለካ 1/35 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ታንክ የሚያወጡት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ቁጥር ይከተላሉ።

ከመግዛትዎ በፊት የክፍሎቹን ብዛት ይመልከቱ። ከ200 ያልበለጡ፣ ሰንሰለቱ እንደ ቀበቶ ባንድ ቁራጭ የመጣና ቀጫጭን የብረት ቅጠል ያልተጨመረበት ይሁን። 1,000 ክፍል ያለው ሣጥን ያጓጓል፤ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ተሠርቶ ቁም ሣጥን ላይ ይቀራል። ሌላም ነገር አለ፦ የሣጥኑ ሥዕል አዲስ ሆኖ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ከ40 ዓመት በፊት በተሠራ ፎርማ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ፎርማ በክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ቀጭን ትርፍ ፕላስቲክ ይተዋል፣ ቀዳዳና ጫፍም በልክ አይገናኝም። ሞዴሉ መጀመሪያ የወጣበትን ዓመት ማጣራት ከብዙ ሥቃይ ያድናል።

መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ፣ ምላጩ የሚቀየር ስል ቢላ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጥቂት የልብስ መቆንጠጫና ስቴኪኒ። ከማጣበቂያ ሁለት ዓይነት ይያዙ፦ ክዳኑ ላይ ብሩሽ ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ማጣበቂያ ለዋናው ሥራ፣ ሱፐር ግሉ ደግሞ ለብረትና ለላስቲክ።

ኤርብረሽና (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ ብዕር መሰል መሣሪያ) ኮምፕረሰሩን አሁን አይግዙ። ኤርብረሽን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መማር አንዱንም አያስይዝም።

መቁረጥና ማጣበቅ

ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡባቸውን የፕላስቲክ ፍሬሞች ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ያድርቁ። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከፎርማው እንዲላቀቅ የሚጠቀምበት ቅባት ከቀረ ቀለሙ አይይዝም።

እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ይቁረጡ። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርገው ከፍሬሙ ያላቅቁት፤ ቀጥሎ የቀረውን ጉቶ 1 ሚሊሜትር ያህል ትተው ይቁረጡት፤ የተረፈውን በቢላና በ600 ወረቀት ይጨርሱ። በአንድ ጊዜ ከሥሩ የሚቆረጥ ክፍል በፒንሳው ግፊት ይጎተትና ከገላው ላይ ጉድጓድ ይነቀላል፣ ወይም ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የመመሪያው ተራ ቁጥር የደረሰበትን ብቻ ይቁረጡ፤ ሁሉንም አንዴ ቆርጦ መደርደር የትኛው የትኛው እንደሆነ ማጣት ነው።

የፕላስቲክ ማጣበቂያ እንደ ሙጫ መሀል ገብቶ የሚይዝ ነገር አይደለም። የሁለቱን ፊት ፕላስቲክ አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ፈሳሹ ሲተን ብየዳ ይቀራል። በተቀባ ቦታ ላይ የማይሠራው፣ ብረትንም የማይይዘው ለዚህ ነው፤ የሚያቀልጠው ፕላስቲክ አላገኘም። ሁለቱን ክፍሎች መጀመሪያ በደረቁ ገጥመው ይሞክሩ። ልክ ከሆኑ እንደተገጠሙ ይያዙና የብሩሹን ጫፍ መጋጠሚያው መስመር ላይ ብቻ ያስነኩት። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሮጦ ይገባል።

ጣትዎ ያ መስመር ላይ ካለ ግን ፈሳሹ ወደ ጣትዎ ሥር ይሮጣል፣ አሻራዎ ታንኩ ላይ ይታተማል። እንዲህ ሲሆን አይጥረጉት፤ መጥረግ የቀለጠውን ፕላስቲክ ያሰፋዋል። ለአንድ ቀን ትተውት ሲጠነክር በ600 ወረቀት ይፈቁት።

ሁሉ የሚደናቀፍበት ቦታ የመድፉ አፈሙዝ ነው፤ በቁመቱ ለሁለት ተከፍሎ ከመጣ መሀሉ ላይ መስመር ይተዋል። ሁለቱንም የውስጥ ፊቶች በማጣበቂያ ያርሱ፣ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፣ ይግጠሙና ጫን ይበሉ። በመጋጠሚያው ሁሉ እንደ ክር የቀጠነ የቀለጠ ፕላስቲክ ብቅ ማለት አለበት፤ ያ ክር ራሱ ስቱኮ ነው፣ ስንጥቁን ይሞላል። ሁለት ሦስት ቦታ በፕላስተር አስረው እስከ ነገ አይንኩት። በማግስቱ የቢላውን ምላጭ ቀጥ አድርገው ይዘው ክሩን ይፋቁ፣ ከዚያ በ400፣ በ600፣ በ1000 ተራ በተራ ይሂዱ። ወረቀቱን በአፈሙዙ ዙሪያ እየጠቀለሉ ይፈቁ እንጂ ወደፊትና ወደኋላ ብቻ አይሂዱ፤ ክቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚያው ቀን የተፈቀ አፈሙዝ ደግሞ ከሳምንት በኋላ መሀሉ ይሰረጉዳል፤ ፕላስቲኩ ገና እየደረቀ ይሸሽ ነበርና።

ሸርማን በስድስት ቦታ ጥንድ ጥንድ የሆኑ 12 ጎማዎች አሉት። የጎማ ተሸካሚዎቹን ካጣበቁ በኋላ ማጣበቂያው ሳይጠነክር ታንኩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያቁሙትና በዓይንዎ ከፍታ ይዩት። የተንሳፈፈ ጎማ ካለ ማስተካከል የሚቻለው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ጎማዎቹን ራሳቸውን፣ ሰንሰለቱንና መድፉን የሚሸከመውን ቱሬት ሳያጣብቁ ያቆዩ፤ ለየብቻ ይቀባሉ።

ቀለም

ከዋናው ቀለም በፊት በሚረጨው መነሻ ቀለም፣ በፕራይመር ስፕሬይ ይጀምሩ፤ ግራጫ ይሁን። በተከፈተ ቦታ፣ ጭምብል አድርገው ይሥሩ። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ያህል ያናውጡ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሆነው ከሞዴሉ ውጭ መርጨት ይጀምሩ፣ በሞዴሉ ላይ አልፈው ከሞዴሉ ውጭ ይጨርሱ። ጣሳው ሲከፈትና ሲዘጋ ወፈር ያለ ጠብታ ይተፋልና ያ ጠብታ አየር ላይ ይቅር። በጣም ከተጠጉ ቀለሙ ይኮለኮልና ብሎኑን ሁሉ ይውጣል፤ በጣም ከራቁ ገና አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ሻካራ ሆኖ ያርፋል። የመጀመሪያው ርጭት ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም። በ15 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ይርጩና አንድ ቀን ይተዉት።

ለዋናው ቀለም በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይጠቀሙ። ሁለት እጅ ቀለም በአንድ እጅ ውሃ አቅጥነው፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ይቀቡ። የመጀመሪያው ዙር አስቀያሚ ነው፤ ግራጫው በየቦታው ይታያል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ደንግጦ ወፍራም ቀለም ይደርብበታል፣ የብሩሽ ፈለግም ለዘላለም ይቀራል። ይተዉት፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ወጥ ይሆናል። በከፊል የደረቀ ቦታን በብሩሽ መመለስ ቀለሙን እንደ ቆዳ ይልጠዋል። በአልኮል ላይ የተመሠረቱት የታሚያ አክሪሊኮች ለኤርብረሽ ግሩም ናቸው፣ በብሩሽ ግን አዲሱ ዙር የታችኛውን ስለሚያሟሟ ያስቸግራሉ።

የፋብሪካውን ትክክለኛ ቀለም ቀብተውም ሞዴሉ ከጠበቁት የጠቆረ ይመስላል፤ ትንሽ ነገር ብርሃን የሚመልሰው ትንሽ ነው። ለ10 ጠብታ ኦሊቭ ድራብ (የአሜሪካ ታንኮች ቡናማ አረንጓዴ ቀለም) 1 ወይም 2 ጠብታ ደብዛዛ ቢጫ ይጨምሩ። የጀርመን ታንክ ከሠሩ ዘመኑን ያጣሩ፦ እስከ 1943 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ የአውሮፓ ግንባር መሠረታዊ ቀለማቸው ጥቁር ግራጫ ነበር፤ በዚያ ዓመት የካቲት ወር በወጣ ትእዛዝ ወደ ጥቁር ቢጫ ተቀየረ። በ1944 ኖርማንዲ ላይ የቆመ ግራጫ ፓንተር ነገሩን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይስቅበታል።

የጎማውን ላስቲክ በንጹሕ ጥቁር አይቀቡ፤ ጠቆር ያለ ግራጫ ይበቃል።

ኮከቡና ቁጥሩ

ምልክቶቹ ዲካሎች፣ ማለትም ወረቀት ላይ ታትመው በውሃ የሚላቀቁ ስስ ሥዕሎች ናቸው። ማት (የማያብለጨልጭ) ቀለም በዓይን አይታይ እንጂ ሻካራ ነው፤ ዲካል በቀጥታ ቢያርፍበት ሥሩ አየር ይቀራል፣ ዙሪያው እንደ ብር ያብለጨልጫል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በአብለጭላጭ ቫርኒሽ ይቀቡና አንድ ቀን ያቆዩት። ዲካሉን ቆርጠው 15 ሰከንድ ያህል ውሃ ውስጥ ያቆዩ፣ አውጥተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ከወረቀቱ ወደ ሞዴሉ በእርጥብ ብሩሽ ያንሸራቱት። በጣት አያንሡት፤ ይጠቀለላል። ብሎን ወይም ማጠፊያ ላይ ካረፈ የዲካል ማለስለሻ ይቀቡበት። ወዲያው ይጨማደዳል፤ ያን ጊዜ የሚነካው ሰው ይቀደዋል፣ የሚተወው ግን ሲደርቅ ራሱ ተዘርግቶ እንደ ቀለም ተለጥፎ ያገኘዋል። ላዩን በቫርኒሽ ይሸፍኑት።

ማርጀት

ጥቁር ቡናማ የኦይል ቀለም ከአኳራጅ ጋር ቀጥኖ (አንድ እጅ ቀለም በ10 እጅ ገደማ) በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ብሎኖችና ማዕዘኖች ላይ ብቻ ይነካ። ፈሳሹ በየስንጥቁ ይሄዳል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ትርፉን አኳራጅ በነካው ብሩሽ ወደታች ይጥረጉ። ከሥር ያለው አክሪሊክ በአኳራጅ አይሟሟም፤ ከሥር ያለውም የዘይት ቀለም ቢሆን ኖሮ አብሮ ይነሣ ነበር። ታንኩን በሙሉ አያጥለቅልቁት። ፈሳሹ ቀለም ያልነካው የውስጥ ፕላስቲክ ላይ ከደረሰ ያደርቀዋል፤ ክብደት የተሸከሙት የጎማ መያዣዎች በማግስቱ ተሰብረው ይገኛሉ።

ለተላጠ ቀለም ቁራጭ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ያስነኩ፣ አብዛኛውን ወረቀት ላይ ይምቱ፣ የቀረውን ወታደር በሚወጣበትና በሚወርድበት ጠርዝ፣ በክዳኖቹም ዙሪያ ጠቅ ጠቅ ያድርጉ። ዝገት ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። የታንክ ብረት ወፍራም ነው፤ በጥቂት ወራት ዘመቻ አይበላም። በደንብ የሚዝገው የጭስ ማውጫው ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን ያቃጥለዋልና።

ቀጥሎ ሁሉን በማት ቫርኒሽ ይርጩ። በዝናብ ወይም በእርጥብ ቀን አይሁን፤ እርጥበት ቫርኒሹ ውስጥ ሲታፈን ታንኩ ነጭ ጉም ይለብሳል። ከሆነም በደረቅ ቀን አብለጭላጭ ቫርኒሽ ሲረጩበት አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ከዚያ ማቱን ይድገሙት።

ሰንሰለቱን አሁን ይግጠሙ። የሸርማን ሰንሰለት የተወጠረ ነው፤ የሶቪየቱ ቲ-34 ግን ከላይ የሚደግፉት ትንንሽ ጎማዎች ስለሌሉት ሰንሰለቱ በትልልቆቹ ጎማዎች ራስ ላይ ተኝቶ መሄድ አለበት። የላስቲክ ሰንሰለት እየተወጠረ ከተነሣባችሁ በየጎማው አናት ላይ በሱፐር ግሉ ይያዝ፣ እስኪደርቅም ስቴኪኒ ሰክተው ወደታች ይጫኑት።

አቧራ የሚያስመስለው የዱቄት ቀለም ከቫርኒሹ በኋላ ይመጣል፤ በፊት ከሆነ ቫርኒሹ ያጠፋዋል። ደብዛዛ ቡናማውን በደረቅ ብሩሽ ከጎማው ወደ ላይ እየቀነሰ እንዲሄድ ይበትኑ። በመጨረሻ ለስላሳ 4ቢ እርሳስ ወስደው መሬት የሚነካውን የሰንሰለቱን ፊት ይሹት፤ ግራፋይቱ በመንገድ የተወለወለ ብረት ያስመስለዋል። የሸርማንዎ ሰንሰለት የላስቲክ ንጣፍ ያለው ዓይነት ከሆነ ንጣፉን ይለፉትና ንጣፎቹን የሚያያይዙትን ጫፍና ጫፍ ያሉ ብረቶች ብቻ ይሹ።